ራዲያተር ቤት ውስጥ መፍታት፦ የጠየቅሁትና የተመለሰልኝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መኪናዬ በፈረንጅ 1998 የተሠራች ኮሮላ ናት፤ 1.3 ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ። ከሁለት ወር ወዲህ ውሃ መጠጣት ጀምራለች። ጠዋት ሳልሞላላት አልነሳም፤ ከኋላ ወንበር ሥር ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይዤ ነው የምውለው። የራዲያተሩ ጥቁር ፕላስቲክ ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ዝገት የመሰለ መስመር አለ፤ ጣቴን ሳስነካው ይርሳል። ባለፈው ቅዳሜ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ዳር ይዤ ቆምኩ።

ጋራዥ ወስጃት ነበር። ፈትቶ ለመግጠም ብቻ የተጠራልኝ ዋጋ ራዲያተሩን ራሱን ለመግዛት ምንም አይቀረውም። ስለዚህ እኔው ላውጣው ብያለሁ። ያለኝ መሣሪያ 10 እና 12 ቁጥር መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ እና የልብስ ሳፋ ነው። ያለኝ ቦታ የኮንዶሚኒየማችን መኪና ማቆሚያ። ልምድ ከተባለ ባትሪ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ ጎማ ቀይሬያለሁ፤ በቃ። ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ሰው የሚሳሳተው ምን ላይ ነው?

ይህን የጻፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። እስከ ሳምንቱ ማክሰኞ 34 ምላሽ መጣ። መሃል ላይ ወሬው ወዲያና ወዲህ ስለሄደ፣ ከኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲቀለው ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ቁጥሩ የምላሹ ተራ ነው።

1፦ አዳማ የሚኖር ልጅ ነው። ያለ ጥርጥር እንደሚቻል ነገረኝ፤ የራሱን ኮሮላ ሁለት ጊዜ አውርዶ ሰቅሏል። የመጀመሪያው ሙሉ ቀን ፈጀበት፣ ሁለተኛው ቁርስ ሳይደርስ አለቀለት። ፎቶ እንድልክ ጠየቀኝና ላክሁ።

2፦ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ቶዮታ ሥር ተኝተው የጨረሱ፣ እዚህ መድረክ ላይም ብዙ ሰው ከወጪ ያዳኑ። ውይይቱን የተሸከመው የእሳቸው ምላሽ ስለሆነ እዚህ ላይ አልቸኩልም። መጀመሪያ መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ እንድታድር አዘዙ፤ ሞተር ሳይበርድ የራዲያተር ክዳን የሚከፍት ሰው በፊቱ ነው የሚከፍለው። ቀጥሎ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እሳቸው ግን በአንዳንድ መኪና ቁልፉ ተነቅሎም ቬንቲላተሩ፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ፣ ሊነሳ እንደሚችል፣ የተቆረጠ ጣት ደግሞ እንደማይበቅል አስታወሱን። ከዚያ ሳፋው ከሥር ይገባና ከራዲያተሩ ግርጌ ያለችው የፕላስቲክ ማፍሰሻ በእጅ ቀስ ተብላ ትላላለች። በፒንሳ ከተያዘች ትሰበራለች። ውሃው ወርዶ ሲያልቅ ሳፋውን ማንሳት የለም፤ ብዙው ሞተሩ ውስጥ ስለሚቀር ታችኛው ማኒኮቶ፣ ራዲያተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ወፍራም የጎማ ቱቦ፣ ሲነቀል እንደገና ይወርዳል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ላይኛው ማኒኮቶ፣ ወደ ትርፍ ውሃ መያዣው የምትሄደው ቀጭን ቱቦ፣ የቬንቲላተሩ ሶኬት፣ ከዚያ ታችኛው ማኒኮቶ። ራዲያተሩን ከላይ የያዙት ሁለት ብረቶች በእኔ መፍቻዎች ይፈታሉ። ቦታ ከበቃ ቬንቲላተሩ ከነቤቱ አብሮ ይወጣል፣ ካልበቃ እሱ ይቅደም። አነሳሱ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ነው። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ነገር ነበረች። ራዲያተሩ ከታች በሁለት እግሩ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ጎማዎቹ መኪናው ላይ መቅረታቸውን እንዳይ ነገሩኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ።

3፦ ሪያድ በሹፌርነት የሚሠራ ወንድማችን የሽማግሌውን ዝርዝር አመስግኖ አንድ ነገር አከለበት። ኤሲ ያላት መኪና ከሆነች ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ራዲያተር የሚመስል ነገር አለ፤ እሱ የኤሲው ነው፣ ውስጡ የታመቀ ጋዝ ስላለ ቱቦዎቹ አይነኩም። በሁለቱ መሃል ካርቶን ቢገባ ስናነሳ ስስ ክንፎቹን አያጣምምም። እሱ ባለበት አገር አቧራ ክንፎቹን ስለሚደፍን ግማሹ ሙቀት የሚድነው በማጠብ ብቻ እንደሆነም ጨመረ፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ጉልበቱ ቀላል በሆነ ውሃ።

4፦ የቪትዝ ባለቤት ነው። በእኔ ላይ ሳይሆን በ2ኛው ላይ ነበር ቅሬታው፤ አውቶማቲክ መኪና ላላቸው ምንም እንዳልተባለ። አውቶማቲክ ከሆነ የካምቢዮው ዘይት በሁለት ቱቦ ራዲያተሩ ታች ገብቶ ቀዝቅዞ ይመለሳል። እሱ ይህን ሳያውቅ ነቅሎ ቀይ ዘይት ግቢ ሙሉ አፍስሷል። ቱቦዎቹን መድፈን፣ የፈሰሰውን መለካት፣ ሲገጠም ያንኑ ያህል መሙላት። ሽማግሌው 5ኛ ላይ መጥተው፣ የእኔ ማንዋል ስለሆነች እንደተዉት፣ ግን ልጁ ትክክል መሆኑን በአንድ መስመር ተቀበሉ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከዚህ በኋላ ብዙም አልታየም።

6፦ ሐዋሳ የምትኖር እህታችን ናት። የራሷን ኮሮላ ራዲያተር ባለፈው ዓመት አውርዳለች፤ ከሁሉም ያስቸገራት ታችኛው ማኒኮቶ ነበር። ዓመታት ስለቆየ ጎማው ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ እንደ ጅማት ነው የሚይዘው። በካቻቢቴ መፈንቀል የራዲያተሩን አንገት ይሰብራል። መጀመሪያ ማሰሪያውን በፒንሳ ወደ ኋላ ማንሸራተት፣ ከዚያ ማኒኮቶውን በእጅ ጨብጦ ግራና ቀኝ ማዞር ነው፤ እምቢ ካለ በምላጭ ሸንሽኖ ማውጣትና አዲስ መግዛት። ማኒኮቶ ከራዲያተር ይረክሳል።

7፦ አንዱ ራዲያተሩን ማን አንስቶ እንዳወጣላት ጠየቀ። 8፦ እጆቿ። ራዲያተሩ ባዶውን ከአንድ እንስራ ውሃ እንደሚቀል፣ ጠያቂውም እንስራ ተሸክሞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አልመለሰም።

9፦ እዚህ ጋ አየሩ ተቀየረ። ሶማሌ ተራ አካባቢ የሚሠራ መካኒክ ገብቶ ሁላችንንም ሰደበን ማለት ይቻላል። በየሳምንቱ ግማሽ የተፈታ መኪና በገመድ ተጎትቶ እንደሚመጣለት፣ ብሎኖቹ በፌስታል ተቋጥረው፣ ባለቤቱ የትኛው የት እንደነበረ ሳያውቅ። ኢንተርኔት ላይ ያነበበ ሁሉ መካኒክ ከሆነ እሱና ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው? 10፦ ሌላው ተቆጥቶ፣ ጋራዥ አስገብቷት ደህና ራዲያተሩ በአሮጌ እንደተቀየረበት ጻፈ። 11፦ መካኒኩ ሌባ መባሉ አንገብግቦት መለሰ። ይህንን ሁለተኛ ምላሹን ብዙ ሰው ለስድቡ ብቻ ነው ያነበበው፤ እኔ ግን ከውይይቱ ሁሉ ከጠቀሙኝ ሦስት ነገሮች አንዱን ያገኘሁት እዚያ ውስጥ ነው። መኪና ውሃ ጨረሰ ማለት ራዲያተር ተበላሸ ማለት አይደለም፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ በሞተሩ ራስና በአካሉ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሎም ውሃ ይጠፋል። ከመፍታቴ በፊት በቀዝቃዛ ሞተር የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ላስነሳና ውሃው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳያቋርጥ አረፋ ይተፋ እንደሆነ ልይ። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለ፣ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አልቋረጥ ካለ፣ አዲስ ራዲያተር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ረቡዕ ጠዋት አየሁ፤ አረፋ የለም፣ ማኪያቶም የለም። አመሰገንኩት። 12፦ የመድረኩ ኃላፊ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

13፦ ደብረ ብርሃን ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ረጅም ጻፈ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አነበብኩ። ነገሩ ስለ ራዲያተሩ ክዳን ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ እሱ ባለበት 2800 ሜትር ላይ ደግሞ 91 አካባቢ። የቶዮታ ቴርሞስታት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግደው በር፣ መከፈት የሚጀምረው 82 ገደማ ላይ ነው፤ ቬንቲላተሩ የሚነሳው 90ን ካለፈ በኋላ። ሒሳቡን አያይዘን እንድናየው ጋበዘን፦ ክዳኗ ግፊት ካልያዘች፣ እኛ አገር ውሃው ቬንቲላተሩ ሳይነሳ ሊፈላ ይችላል። ላይዋ 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈባት ደህና ክዳን ግን ውስጡን ከውጭው አየር በላይ ስለምታምቀው መፍያው አዲስ አበባም ቢሆን ወደ 114 ይወጣል። የክዳኗ ሞላና ጎማ ናቸው ይህን ሁሉ የሚሠሩት። ከተጻፈው በላይ የምታምቅ ክዳን መግጠምም ያረጀ ራዲያተርን በመጋጠሚያው ያስተፋዋል። የእኔን ክዳን ቁጥር እንዳነብለት ጠየቀኝ።

በዚያው ሌሊት በስልኬ መብራት ወርጄ አየሁ። ቁጥር የላትም፤ ከየት እንደመጣች የማላውቃት ክዳን ናት። ጎማዋ እንደ ድርቆሽ ተሰነጣጥቋል። ሁለት ወር ሙሉ ውሃ ስሞላ በየቀኑ በእጄ ስይዛት ነበር።

14፦ አንዱ እንቁላል ነጩን ራዲያተር ውስጥ ብንጨምር ቀዳዳውን እንደሚደፍን ከአባቱ የሰማውን ነገረን። 15፦ ሌላው ጾም ስለሆነ እስከ ፋሲካ እንድጠብቅ መከረኝ። 16፦ ሽማግሌው እንቁላሉ በረሃ ላይ ለቀረ ሰው አንድ ጊዜ ሊያደርሰው እንደሚችል፣ በኋላ ግን ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ደፍኖ ራዲያተሩን እንደሚገድለው ጽፈው ዘጉት።

17፦ ስሙን የማላነሳው አንድ ልበ ሙሉ ሰው ቴርሞስታቱን አውጥቼ እንድጥለው ጻፈ። አገራችን ሞቃት ስለሆነች አያስፈልግም፣ እሱ ከጣለው አምስት ዓመቱ። 18፦ ሽማግሌው እዚህ ላይ ትዕግሥታቸው አለቀ። አዲስ አበባ በሐምሌ ጠዋት ሞቃት መሆኗን ማን እንደነገረው ጠየቁት። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሙቀቱን ለመያዝ ዕድሜውን ይጨርሳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ሳይሞቅ ይሠራል። የባሰው ደግሞ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጫፉ አቋራጩን መንገድ ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ይመለሳል፤ ይቀዘቅዛል ብለህ ያወጣኸው ዳገት ላይ ያፈላሃል። 19፦ ሰውየው የእሱ አልፈላም። 20፦ ሽማግሌው የዓባይን በረሃ ከድልድዩ ወደ ደጀን በእሑድ ቀትር ጭኖ እንዲወጣ ጋበዙት።

ዓባይ ከተነሳ ደግሞ ወሬው እዚያው ቀረ። 21 እና 22 እያንዳንዳቸው እዚያ ዳገት ላይ የቆሙበትን ታሪክ ተረኩ። አንዱ የፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍቶ ቴስታታው የተሰነጠቀበት ነው፤ ሌላው ለመኪናው ውሃ ለምኖ ለእሱ ጠላ የተሰጠው። ሁለተኛውን ወደድኩት፤ ከራዲያተር ጋር ግን አይገናኝም።

23፦ ቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዳ ወንድም፣ ሁላችንም ስለ ውሃ ብቻ ማውራታችን እንደገረመው ጻፈ። እሱ ባለበት በክረምት ንጹሕ ውሃ ይዞ ያደረ ሞተር ውሃው በረዶ ሆኖ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ኩላንት፣ ማለትም ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ከውሃ ጋር እኩል ሲቀላቀል ግን እስከ 37 ከዜሮ በታች አይረጋም። የሚኖርበት አፓርታማ ደግሞ መኪና ማቆሚያው ላይ ብሎን መንካት ስለሚከለክል፣ ራዲያተሩን ያወረደው ጓደኛው ቤት ደጃፍ ነው። 24፦ አዲስ አበባ ላይ በረዶ ስለሌለ ኩላንት ቅንጦት ነው የሚል መጣ። 25፦ መምህሩ ተመልሶ፣ ኩላንት መፍያውንም ከፍ እንደሚያደርግ፣ ዋናው ሥራው ግን ዝገትን መከላከል እንደሆነ አስረዳ። በተለይ ከአቃቂ ጉድጓድ ውሃ የሚደርሳችሁ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት እዩ፤ ያው ቅርፊት ራዲያተራችሁ ውስጥም አለ። 26፦ አንዱ ታዲያ በባትሪ ውሃ እንድንበርዘው ሐሳብ አቀረበ። ሽማግሌው በፍጥነት አረሙት፦ አንዳንድ ሱቅ በዚያ ስም አሲድም ስለሚሸጥ፣ የተጣራ ውሃ መሆኑን ጠይቆ፣ አንብቦ መግዛት።

27፦ የሐዋሳዋ እህት ናት። ያፈሰሰችውን አሮጌ ኩላንት ሳፋ ላይ ትታ ምሳ ልትበላ ገብታ የጎረቤት ድመት ጠጥታ ሞታለች። ነገሩ ጣፋጭ ነው፤ ድመትና ውሻ ቀርቶ ሕፃንም ይስባል፣ ኩላሊት ነው የሚያጠፋው። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ስለምሠራ ተከድኖ ከዓይን እንዲርቅ፣ ቱቦ ውስጥም እንዳይደፋ አጥብቃ ነገረችኝ። ከዚህ በኋላ ማንም አልቀለደም።

28፦ ይህ የእኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ ኮሚቴው እንዳያየኝ ሲሉ ወንበራቸውን አምጥተው ከለሉኝ፤ ቀጥለው ደግሞ ለሚያልፈው ሁሉ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ያስረዱ ነበር። ሁለቱ ብረቶች፣ ሶኬቱ፣ ላይኛው ማኒኮቶ፣ ሃያ ደቂቃ። ታችኛው ማኒኮቶ አንድ ሰዓት ተኩል። የማሰሪያው ጆሮ ወደ ታች ዞሮ ስለነበር ፒንሳው አይደርስበትም፤ ክሪክ ስለሌለኝ ጎንበስ ብዬ በጎን እጄን ሰድጄ ጣቶቼን ላጥኩ። መጨረሻው የእህታችን ምላጭ ሆነ። የወረደው ውሃ ቀለሙ የቆየ ሻይ ነው፣ ከታቹም ጭቃ መሰል ነገር አለበት። ራዲያተሩ ሲወጣ መጋጠሚያው ላይ ጥፍር የምታስገባ ስንጥቅ አየሁ። ፕላስቲክና አሉሚኒየም ስለሆነ ስታኞ፣ ቀልጦ የሚበየድበት ቆርቆሮ፣ አይይዘውም፤ ያ ለድሮዎቹ የመዳብ ራዲያተሮች ነበር። ተሸክሜው ሶማሌ ተራ ወረድኩና አዲሱን ጎን ለጎን አቁሜ አስተያየሁ። ይህንን ካላደረጋችሁ የአውቶማቲኩን፣ ታቹ ሁለት የዘይት መግቢያ ያለውን ይሰጧችኋል፤ ለእኔም መጀመሪያ የቀረበልኝ እሱ ነበር። 0.9 የተጻፈባት ክዳንና ማኒኮቶም ገዛሁ።

29፦ የአዳማው ልጅ አሞላሉን ነገረኝ፤ ይህን ሳላውቅ ብቀር ኖሮ ሁሉም ከንቱ ነበር። ኩላንቱ በቀስታ ይገባል፤ ማሞቂያው እስከ መጨረሻ ይዞራል፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ይነሳል። አየሩ እየተንቦጫረቀ ይወጣል፣ ደረጃው ይወርዳል፣ ይሞላል። ላይኛው ማኒኮቶ በድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ አረፋው ሲያቆም ይከደናል። ቬንቲላተሩ ተነስቶ ሲጠፋ ሁለት ጊዜ ይታያል። ነገ ጠዋት ሲበርድ እንደገና ይታያል። ሁሉንም አደረግሁ። እሑድ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ያህል ጎድላ ነበር፣ ሰኞ ምንም። መምህሩ ጉድለቷ አየር የያዘው ቦታ ሲሞላ እንደሆነ 30ኛ ላይ አረጋጋኝ።

31፦ የሶማሌ ተራው መካኒክ ብሎን ተርፎኝ እንደሆነ ጠየቀ። አንድ ተርፎኛል። 32፦ እሱ ሳቀ፤ ከየት እንደሆነ ግን ፎቶውን አይቶ ነገረኝ፦ የቬንቲላተሩ ቤት፣ የታችኛው ቀኝ። ትክክል ነበር።

33፦ አንዱ አሮጌውን ራዲያተር ምን እንዳደረግሁት ጠየቀ። ሰኞ ረፋድ ላይ ቆራሌው በግቢያችን ሲያልፍ ሰጠሁት፤ ፕላስቲኩን አልፈልግም ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፣ በመጨረሻ ግን ከነሁሉ ነገሩ ጆንያው ውስጥ ጨመረው።

34፦ ሽማግሌው ናቸው። እንኳን ደስ አለህ እንኳን ሳይሉ ሁለቱ ጎማዎች መኪናው ላይ ቀርተው እንደነበር ጠየቁኝ። ደረጃውን ሮጬ ወረድኩና መብራቱን ከሥር አበራሁ። በግራ በኩል አለች። በቀኝ በኩል የራዲያተሩ እግር ብረቱ ላይ ተቀምጧል። ጎማዋ ከአሮጌው ጋር ተጣብቃ በቆራሌው ጆንያ ሄዳለች። ጋሼ ከጎሚስታው አሮጌ ካላማደሪያ፣ የጎማ ውስጥ ከረጢት፣ አምጥተውልኝ ክብ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ሁለቱን ብረቶች አላልቼ፣ ራዲያተሩን ጣት ያህል ቀና አድርጌ ከሥሩ ሰደድኳት። ፎቶውን ለሽማግሌው ላክሁላቸው። ስስ ስለሆነች ደርቤ እንዳደርጋት ነገሩኝ። ነገ ጠዋት እደርባታለሁ።